ኮከቡ ለምን ይንሸራተታል? የአንድ አሮጌ ማውንት እድሳት፣ ከግራሶው እስከ ፕሮግራሙ

በቴሌስኮፕ ፎቶ ማንሳት የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ሌንሱና ስለ ካሜራው ነው። ኮከቦቹ ክብ መሆናቸው ቀርቶ ሞላላ ሆነው ሲወጡም መጀመሪያ የሚጠረጥረው እነሱኑ ነው። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከቱቦው ሥር ነው። ቱቦውን ተሸክሞ የሰማዩን ዙረት ተከትሎ የሚያዞረውን ክፍል ማውንት እንለዋለን። ይህ ጽሑፍ አንድ አሮጌ ባለሞተር ማውንት ቤት ውስጥ እንዴት ተፈትቶ፣ ጸድቶና አዲስ ሞተርና ኤሌክትሮኒክስ ተገጥሞለት እንደታደሰ የሚተርክ ነው። አንድ ነገር ላይ ግን ደጋግሜ እመለሳለሁ። የማውንት ስህተት ዝም ብሎ የሚመጣ አይደለም። የራሱ ሰዓት አለው። ሰዓቱን የያዘ ሰው ጥፋተኛውን ዕቃ ሳይፈታ ያውቀዋል።

ማውንቱ በተለምዶ ኢኪው5 በሚባለው መጠን የተሠራ፣ የጀርመን ዓይነት የሚሉት ነው። ሁለት ዘንጎች አሉት። አንደኛው ከምድር ዛቢያ ጋር ትይዩ ሆኖ ይቆምና ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዞራል። አርኤ ይባላል። ሁለተኛው ዴክ ነው፣ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ያነሳል ይጥላል። የተገኘው ከአንድ ጓደኛዬ ዕቃ ቤት ነው። ለዓመታት ተቀምጦ የባትሪ ሳጥኑ ፈሷል፣ ተርሚናሎቹ ዝገዋል። የዴክ ሞተር ጭራሽ አይሠራም። የአርኤው ይዞራል፣ ግን ያጉረመርማል። ጓደኛዬ ሞተሮቹን የሚያዘውን የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ማለቱ ነው፣ «ካርዱ ይቀየርና ያልቃል» ነበር ያለኝ። እንዲህ ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ መለካት አለበት ባይ ነኝ።

ቀድሞ ነገር፣ ምን ያህል ጥራት ነው የምንፈልገው?

ኮከቦች በሰማይ ላይ በሰከንድ 15 አርክሰከንድ ገደማ ይሄዳሉ። አርክሰከንድ ማለት የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው። በዚህ ማውንት ላይ የሚቀመጠው ቱቦ የትኩረት ርቀቱ 750 ሚሊሜትር ነው። የካሜራው አንድ ፒክስል ደግሞ 3.75 ማይክሮን ነው፣ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ፒክስሉን በ206.265 አባዝቶ ለትኩረት ርቀቱ ማካፈል ነው። 1.03 ይመጣል። እያንዳንዱ ፒክስል 1 አርክሰከንድ ያህል ሰማይ ይሸፍናል ማለት ነው። ማውንቱ ፎቶው እስኪያልቅ 2 ወይም 3 አርክሰከንድ ቢስት ኮከቡ ላይ ወዲያው ይታያል።

አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ። በአርኤ ዘንግ ላይ 144 ጥርስ ያለው ትልቅ ጎማ አለ። ጎማውን የሚያዞረው ዎርም የሚባለው፣ እንደ ብሎን ጥምዝ የተቆረጠ ዘንግ ነው። ዎርሙ አንድ ዙር ሲዞር ጎማው የሚራመደው አንድ ጥርስ ብቻ ነው። የጎማውን ራዲየስ በካሊፐር ስለካው 36 ሚሊሜትር ገደማ ሆነ። በዚህ ራዲየስ ላይ 1 ማይክሮን ማለት በሰማይ ላይ 5.7 አርክሰከንድ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ጉብታ በዎርሙ ላይ ካለ ኮከባችን ከ5 ፒክስል በላይ ይሄዳል። የቆሸሸ ግራሶ፣ የላላ ብሎን፣ ያረጀ ኩሽኔታ ሁሉም ከዚህ በላይ ማድረግ ይችላሉ። ለዚህ ነው ካርድ መቀየር ብቻውን ውሃ የማያነሳው። ካርዱ ሞተሩን በትክክል ቢያዞርም ብረቱ የሚያደርገውን አያይም።

ሳይፈታ መለካት

ሰማዩ አንድ ሙሉ ዙር የሚዞረው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ነው። 86,164 ሰከንድ መሆኑ ነው። ይህን ለ144 ስናካፍለው 598 ይመጣል። ዎርሙ አንዴ የሚዞረው በ598 ሰከንድ፣ 10 ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ከዎርሙ የሚመጣ ስህተት ሁሉ በየ598 ሰከንዱ ራሱን ይደግማል። ከዎርሙ ቀድሞ ያለ ጥርስ ደግሞ በፍጥነት ስለሚዞር ባጠረ ጊዜ ይደግማል። የስህተቱን ሰዓት መያዝ የምለው ይህንን ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። ማውንቱ ወደ ዋልታው በደንብ ይስተካከላል። ከሰማይ ወገብ አጠገብ፣ ከፍ ብሎ መሐል ሰማይ ላይ የደረሰ ኮከብ ይመረጣል። ወገብ ላይ የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ ዋልታ በቀረብን ቁጥር የአርኤ ስህተት በካሜራው ላይ እያነሰ ይታያል። 60 ዲግሪ ላይ ግማሹ ብቻ ነው የሚታየው። ጋይዲንግ ማለት በካሜራ አንድ ኮከብ እያዩ ሲንሸራተት ማውንቱን ማረም ነው። ከዚያ ፒኤችዲ2 በሚባለው ነፃ የጋይዲንግ ፕሮግራም ኮከቡን እንከታተላለን፣ ግን ለማውንቱ ምንም ትዕዛዝ እንዳይልክ ማስተካከያውን እናጠፋዋለን። ዝም ብሎ ይመዘግባል። ዎርሙ ቢያንስ ሦስት አራት ጊዜ እስኪዞር መጠበቅ ያስፈልጋል፣ 40 ደቂቃ ገደማ። መዝገቡን የሚያነብ ሌላ ፕሮግራም አለ። እሱ ስህተቱን በየዑደቱ ለይቶ ያሳያል፦ ይሄ በ598 ሰከንድ፣ ያኛው በ37 ሰከንድ እያለ።

የመጀመሪያው ግራፍ ሦስት ነገር አሳየ። አንደኛ፣ ትልቅና ዘገም ያለ ሞገድ በ598 ሰከንድ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 40 አርክሰከንድ። ይህ ብቻውን ሞገዱ በሚጣደፍበት ቦታ ላይ በ1 ደቂቃ ከ12 አርክሰከንድ በላይ ኮከቡን ይጎትተዋል። ሁለተኛ፣ በዚያ ሞገድ ላይ የተቀመጠ ትንሽና ፈጣን ንዝረት፣ ዑደቱ 37.4 ሰከንድ። 598ን ለ37.4 ካካፈልነው 16 ይመጣል። ስለዚህ ዎርሙ አንዴ ሲዞር 16 ጊዜ የሚዞር አንድ ጥርስ በማርሽ ሳጥኑ ውስጥ ችግር አለበት። ሦስተኛው ሰዓት የሌለው ነው። በድንገት 8 ወይም 10 አርክሰከንድ ዘለል ይልና ይረጋል። ከዚያ መቼ እንደሚደግም አይታወቅም። ሰዓት የሌለው ስህተት ብዙ ጊዜ መነሻው ሰበቃ ነው። ብረት ተጣብቆ ይቆይና ኃይሉ ሲበረታ ይለቃል። ከደረቀ ግራሶ፣ ከጠበቀ ዎርም ወይም ከተጎተተ ገመድ ሊመጣ ይችላል።

እንግዲህ ካርዱን ብንቀይር ኖሮ ከሦስቱ አንዱም አይነካም ነበር።

መፍታቱ

ቱቦውም ማመዛዘኛ ክብደቱም መጀመሪያ ይወርዳሉ። ክብደቱ ላይ ሆኖ የተፈታ ዘንግ ጣት ይሰብራል። እያንዳንዱ ብሎን ከመውጣቱ በፊት ፎቶ ይነሳል፣ ከወጣ በኋላ ስሙ በተጻፈበት ትንሽ ከረጢት ይገባል። ቀጫጭን ሮንዴላዎቹ ላይ በተለይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንዶቹ ውፍረታቸው የአሥረኛ ሚሊሜትር ነው፣ የተቀመጡትም ክፍተት ለመሙላት ነው። አንዱ ከጎደለ ዘንጉ ወይ ይላላል ወይ ይጨነቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፣ እዚህ ላይ ነው።

ውስጡ ጥቁርና ሙጫ የመሰለ ግራሶ ተሞልቶ ነበር። ፋብሪካዎች ይህን ወፍራም ግራሶ የሚያደርጉት ክፍተትን ለመደበቅም ጭምር ይመስለኛል። አዲስ እያለ እንቅስቃሴው ለስላሳ ያስመስለዋል። ሲያረጅና ሲበርደው ግን ራሱ ፍሬን ይሆናል። በላምባና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ታጠበ፣ ቀጥሎ በአልኮል። ዎርሙን በጨርቅ ብቻ ማጽዳት አይበቃም። ቆሻሻው ጥምዙ ሥር ነው የሚደበቀው። የተሾለ የእንጨት ስንጥር ጥምዙን ተከትሎ ሲሄድ የአሉሚኒየም ብናኝ ይዞ ወጣ። ሲፈበረክ ቀርቶ የነበረ መሆን አለበት። የብረት መርፌ ግን አይሞከርም፣ ይጭራል።

የዎርሙ ሁለት ኩሽኔታዎች በእጅ ሲዞሩ አንደኛው ይንቀጫቀጫል። ኩሽኔታ ለመተካት የውስጥና የውጭ ስፋቱን ውፍረቱንም በካሊፐር መለካት፣ ጎኑ ላይ ቁጥር ካለም ማንበብ ነው። ቁጥሮቹ ዓለም አቀፍ ናቸው። ለምሳሌ 608 የተባለ የትም ቢገዛ ውስጡ 8፣ ውጭው 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱም በተሻለ ጥራት ተተኩ። የኩሽኔታን ነገር አቅልለን እንዳናይ የሚያደርግ ምክንያት አለ። በውስጡ ያሉት ኳሶች ከዘንጉ ጋር እኩል አይዞሩም። ዘንጉ አንዴ ሲዞር እነሱ ግማሽ ዙር እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ የተበላሸ ኳስ የሚፈጥረው ስህተት ከዎርሙ ዙር ጋር አይገጥምም። ኋላ የምንደርስበት የስህተት ማረሚያ ፕሮግራምም ሊማረው አይችልም። ይህን ስህተት ማስወገጃው ኩሽኔታውን መቀየር ብቻ ነው።

ስለ ሞረዳ አንድ ነገር ልበል። ዎርሙንና ጎማውን በሚፍቅ ዱቄት አብረው እንዲፋጩ ማድረግን የሚመክሩ አሉ። እኔ አልደግፈውም። የጎማው ብረት ለስላሳ ነው። ዱቄቱ ጥርሱ ውስጥ ይሰካና ታጥቦ አይወጣም፣ ከዚያ ወዲያ ዎርሙን ዕድሜ ልኩን ሲፍቀው ይኖራል። በንጹሕ ግራሶ ብዙ ጊዜ በፍጥነት ማሽከርከር ቀስ ብሎ ያው ለስላሳነት ያመጣል።

ዎርሙን ማቀራረብ

ከጠቅላላው ሥራ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው። ዎርሙ ወደ ጎማው በጣም ከተጠጋ ይጣበቃል። ከራቀ ይላላል፣ አቅጣጫ ሲቀየርም ሞተሩ በባዶ እየዞረ ቱቦው ቆሞ ይቀራል። ችግሩ ጎማው ፍጹም ክብ አለመሆኑ ነው። አንድ ቦታ ላይ ልክ የሆነው ግማሽ ዙር ሄዶ ይጠብቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ጎማው ሙሉ ዙር በእጅ ይዞርና በጣም የሚጠብቅበት ቦታ በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል። ልኩ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው። ሌላው ቦታ ላይ ትንሽ ላላ ማለቱን መቀበል ነው።

ዎርሙን የሚገፉት ትንንሽ ብሎኖች በብሩጎላ ቁልፍ ነው የሚዞሩት። አንዴ አንድ ስምንተኛ ዙር፣ ከዚያ መፈተሽ። አፈታተሹ ደስ ይላል። ዎርሙን በሁለት ጣት ይዞ ግራ ቀኝ ማለት ነው። ልክ ሲሆን ጣት ላይ ክፍተት አይሰማም፣ ግን ዎርሙ በራሱ ክብደት የሚዞር እስኪመስል ቀሎ ይዞራል። ዋናዎቹ ብሎኖች ሲጠብቁ ማስተካከያው ስለሚንቀሳቀስ እንደገና መፈተሽ ግድ ነው። ዎርሙ ወደ ጎን፣ በርዝመቱ አቅጣጫ፣ መንሸራተት የለበትም። ጫፉ ላይ ያለው ዳዶ የሚያስተካክለው ይህንን ነው። በርዝመቱ 1 ማይክሮን ከተንሸራተተ ያው 5.7 አርክሰከንድ ነው።

የሊቲየም ግራሶ በስሱ ተቀባ። ስስ ስል ጥርሱ እንዲያብረቀርቅ ያህል ብቻ።

ወዲያው ደግሞ ልኬት፣ አሮጌው ሞተር እንዳለ። ዝላዩ ጠፍቷል። ትልቁ ሞገድ ከ40 ወደ 26 አርክሰከንድ ወርዷል። በጎማው ጫፍ ሲሰላ አራት ማይክሮን ተኩል ያህል መሆኑ ነው። የ37 ሰከንዱ ንዝረት ንክች አላለም። መሆን ያለበትም ይኸው ነው፣ ምክንያቱም የማርሽ ሳጥኑ ገና አልተነካም። አንድ ነገር ቀይሮ መለካት፣ ሌላ ቀይሮ መለካት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ሁሉንም ባንዴ የቀየረ ሰው የቱ እንደረዳው አያውቅም።

ከማርሽ ወደ ቺንጋ

አሮጌው ሞተር ሲፈታ በማርሽ ሳጥኑ ውስጥ የአንዱ ትንሽ ጥርስ ጫፍ ተሸርፎ ተገኘ። በእጅ እያዞርኩ ስቆጥር ዎርሙ አንድ ዙር ሲጨርስ ይሄኛው 16 ይዞራል። ግራፉ ሳይፈታ የተናገረው ይህንኑ ነበር።

ሳጥኑን ከመጠገን ሙሉ በሙሉ ማስወገድ ይሻላል። በምትኩ ጂቲ2 የሚባለው፣ በሦስት አውታር ማተሚያዎች ውስጥ የሚገኘው ባለጥርስ ቺንጋ ገባ። ጥርሶቹ በ2 ሚሊሜትር ይራራቃሉ። ሞተሩ ላይ ባለ16 ጥርስ ፑሌጃ፣ ዎርሙ ላይ ባለ64። ሞተሩ 4 ሲዞር ዎርሙ 1 ይዞራል። ይህ 4 ለ1 በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ቁጥሩ ሙሉ ስለሆነ የሞተሩና የሁለቱ ፑሌጃዎች ስህተት ከዎርሙ ዙር ጋር አብሮ ያልቃል፣ አብሮ ይጀምራል። ባለ60 ፑሌጃ ብንጠቀም 3.75 ይሆንና ስህተቱ በየዙሩ ቦታው ይቀያየራል። ፕሮግራም ሊያርመውም አይችልም።

የቺንጋው ርዝመት 200 ሚሊሜትር ነው። በዚህ ርዝመት የሁለቱ ፑሌጃዎች መሐል ለመሐል ርቀት 58 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። የሞተሩ መያዣ ከወፍራም የአሉሚኒየም ላሜራ ተቆረጠ፣ ቀዳዳዎቹ በትራፓኖ ተበሱ። የሞተሩ ብሎን ቀዳዳዎች በሞረድ ረዘም ተደረጉ፣ ቺንጋው ሲላላ ሞተሩን ለመሳብ። ቺንጋው እንደ ክራር ክር አይወጠርም። በጣት ሲጫኑት ትንሽ መሰጠት አለበት። ከልክ በላይ ከተወጠረ የዎርሙን ኩሽኔታ ወደ ጎን ይጎትተዋል፣ የደከምንበትን ማቀራረብም ያበላሸዋል።

ሞተሩ በአንድ ዙር 400 እርምጃ ያለው ስቴፐር ነው። አንድ እርምጃው 0.9 ዲግሪ ነው። ከተለመደው ባለ200 ይልቅ ይህን የመረጥኩት በዝቅተኛ ፍጥነት ለስለስ ስለሚል ነው። ለሞተሩ ኤሌክትሪኩን እየመጠነ የሚልከው ድራይቨር እያንዳንዱን እርምጃ ለ32 ይከፍለዋል። እንግዲህ 400 ሲባዛ በ32፣ በ4፣ በ144 ማለት ነው። 7,372,800 ይመጣል። ለ360 ሲካፈል 20,480 ጥቃቅን እርምጃ በዲግሪ ነው። አንዱ ጥቃቅን እርምጃ 0.18 አርክሰከንድ ስለሚሆን ለካሜራችን ከበቂ በላይ ነው። ሰማይን ለመከተል ሞተሩ በሰከንድ 86 ያህል ጥቃቅን እርምጃ ይራመዳል።

ኤሌክትሮኒክሱ

ይህን ክፍል በአጭሩ ነው የማልፈው። ከብረቱ ጋር ሲወዳደር ቀላሉ ሥራ ነው። ኦንስቴፕ የሚባል ነፃና ክፍት የማውንት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም አለ። ኢኤስፒ32 በሚባለው ርካሽ ካርድ ላይ ይጫናል። በገመድም በዋይፋይም ከኮምፒውተርና ከስልክ ጋር ይነጋገራል። የሰማይ ካርታ ላይ ኮከቡን መንካት ነው፣ ማውንቱ ይሄዳል። ፕሮግራሙ የሚጠይቀው ዋናው ቁጥር ቅድም ያሰላነው 20,480 ነው። ሁለተኛው ዎርሙ በአንድ ዙር የሚፈጀው የእርምጃ ብዛት ሲሆን 51,200 ነው። ዲግሪውን በ2.5 ማባዛት ነው፣ ምክንያቱም አንድ ጥርስ 2.5 ዲግሪ ነው።

ሽቦ ላይ ሁለት ሦስት ነገር መታወቅ አለበት። የስቴፐር አራት ገመዶች ሁለት ጥንድ ናቸው። የትኛው ከየትኛው እንደሚጣመር ለማወቅ ሁለት ገመድ አነካክቶ ዘንጉን በጣት ማዞር ነው። ከበደ ማለት ጥንድ ናቸው። ሞተሩ በተቃራኒ ከዞረ የአንዱን ጥንድ ሁለት ገመዶች ማለዋወጥ ይበቃል። ኤሌክትሪክ እያለ የሞተር ገመድ ፈጽሞ አይነቀልም። ድራይቨሩ እዚያው ይቃጠላል። ከባትሪው እስከ ካርዱ ያለው ሽቦ ደግሞ ወፈር ይበል። ቀጭን ሽቦ ሁለቱ ሞተሮች አብረው ሲፈጥኑ ቮልቴጁ ይወርድበታል፣ ካርዱም ራሱን አጥፍቶ ይነሳል፣ የት እንደነበረም ይጠፋዋል።

የሞተሩን ከረንት በተመለከተ የእኔ ምርጫ ዝቅ ማድረግ ነው። ኮከብ ሲከተል ሞተሩ ምንም ጉልበት አያወጣም ማለት ይቻላል። ከረንቱ ከበዛ ሞተሩ ይሞቃል፣ ሙቀቱ በላሜራው በኩል ወደ ዎርሙ ቤት ይሄዳል፣ ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ያ ሁሉ የማቀራረብ ልፋትም ይዛባል። ኦንስቴፕ ለመከተያና ለፈጣን ጉዞ የተለያየ ከረንት ይፈቅዳል። በፈጣኑ ጉዞ ማውንቱ በሰከንድ 2 ዲግሪ ይሄዳል። ሞተሩ በደቂቃ 192 ዙር ቢሆን ነው። በ12 ቮልት ሳይጨነቅ ይሠራል።

የ150 ሰከንዱ እንግዳ

አዲሱ ሞተርና ቺንጋ ከገቡ በኋላ የተነሳው ግራፍ ነው ከሁሉ ያስተማረኝ። የ37 ሰከንዱ ንዝረት የለም። ትልቁ ሞገድ እንደነበረ 26 ላይ ነው። አዲስ እንግዳ ግን ብቅ ብሏል፦ በ150 ሰከንድ የሚደግም፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 6 አርክሰከንድ የሆነ ሞገድ።

598 ለ150 ሲካፈል 4 ይመጣል። ዎርሙ አንዴ ሲዞር 4 ጊዜ የሚዞረው ሞተሩና በላዩ ያለው ትንሹ ፑሌጃ ብቻ ነው። ትልቁ ፑሌጃ ነፃ ነው፣ ቺንጋውም ነፃ ነው። ባለ100 ጥርስ ስለሆነ አንድ ዙር ለመጨረስ ከ900 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ትቶ ትንሹን ፑሌጃ መመርመር ነው።

ስሌቱ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። 6 አርክሰከንድ ማለት ከመሐል ወዲህና ወዲያ 3 ነው። በ144 ተባዝቶ ወደ ዎርሙ ሲመለስ፣ በትልቁ ፑሌጃ ራዲየስ ማለትም በ20.4 ሚሊሜትር ሲሰላ፣ ፑሌጃው ከመሐሉ 0.04 ሚሊሜትር ያህል ወጥቷል ይላል። ጥቃቅን መወዛወዝን በመርፌ በሚያሳየው መለኪያ፣ በዳያል ጌጅ፣ ሲለካ መርፌው የተወዛወዘው ወደዚያው ልክ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። የፑሌጃው ቀዳዳ ከሞተሩ 5 ሚሊሜትር ዘንግ በጥቂቱ ይሰፋል። የሚይዘው ትንሽ ብሎን ሲጠብቅ ፑሌጃውን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። በዓይን አይታይም። ኮከቡ ግን ያየዋል።

መፍትሔው ቀዳዳው በልኩ የተበሳ ሌላ ፑሌጃ ነው። ብዙ ፑሌጃ እየለኩ ከመምረጥ ይልቅ በቶርኖ የተሠራ አንድ ጥሩ መፈለግ ያዋጣል። ከተተካ በኋላ የ150 ሰከንዱ ሞገድ ወደ 1.5 አርክሰከንድ ወርዷል። ያ ከአየሩ መንቀጥቀጥ በታች ስለሆነ ተውኩት።

የቀረውን ለፕሮግራሙ

የ26 አርክሰከንዱ ሞገድ የዎርሙ የራሱ ቅርጽ ነው። ቤት ውስጥ ሊስተካከል አይችልም። ግን ሰዓቱን ጠብቆ ስለሚመጣ ፕሮግራሙ ሊማረው ይችላል። ይህ አሠራር ፔክ ይባላል። ጋይዲንግ በርቶ ዎርሙ ጥቂት ዙር ሲዞር ኦንስቴፕ የት ላይ ምን ያህል ማስተካከያ እንደተሰጠ ይመዘግባል፣ በኋላ ያንኑ ቀድሞ ይደግመዋል። አንድ ሁኔታ አለው። ዎርሙ የት ላይ እንዳለ ሁልጊዜ መታወቅ አለበት። ለዚህ ትልቁ ፑሌጃ ላይ ትንሽ ማግኔት ተለጠፈ፣ አጠገቡ ደግሞ ማግኔት የሚያውቅ ሴንሰር ተገጠመ። ማግኔቱ ባለፈ ቁጥር ካርዱ ዙሩ የት እንደሚጀምር ያውቃል። ፔክ ሲበራ ሞገዱ 5 አርክሰከንድ ገደማ ሆነ። የቀረውን ጋይዲንጉ ይይዘዋል። ጋይድ ካሜራው በየ2 ሰከንዱ እያየ ሲያርም አማካይ ስህተቱ፣ አየሩ በተረጋጋ ምሽት፣ ከ0.7 እስከ 0.8 አርክሰከንድ ነው። ከአንድ ፒክስል በታች።

ጋይዲንግ ካለ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል። ጋይዲንግ የሚያርመው ካየ በኋላ ነው። ዘገም ያለውን ሞገድ በቀላሉ ይይዛል። ድንገተኛውን ዝላይ ግን ሲያየው ፎቶው ላይ አርፏል። ፈጣኑን ንዝረት ሲከታተል ደግሞ አንዳንዴ ዘግይቶ ያባብሰዋል። ለዚህ ነው ከብረቱ መጀመር የሚሻለው።

ማመዛዘኑም ሚና አለው። አርኤ ላይ ምሥራቁን በጣም በጥቂቱ ከበድ ማድረግ ዎርሙና ጎማው ሁልጊዜ በአንድ ወገን ተደግፈው እንዲቆዩ ያደርጋል፣ በመሐላቸው ያለው ክፍተት አይጫወትም። ቱቦው ወደ ሌላው ጎን ሲገለበጥ ክብደቱን ደግሞ ማንቀሳቀስ ነው።

ዴክ ዘንጉ ተመሳሳይ ጽዳት፣ ተመሳሳይ ሞተርና ቺንጋ አግኝቷል። እሱ ላይ ሞገዱ አያሳስብም፣ ኮከብ ሲከተል ቆሞ ነው የሚውለው። የእሱ ጣጣ አቅጣጫ ሲቀየር ያለው ክፍተት ነው። የዴክ ጎማ ከአርኤው ይበልጥ ክብነቱን ስቷል፣ የጠበቀው ቦታ ላይ ልክ ሲደረግ ሌላው ቦታ ላይ በግልጽ ይላላል። ለጊዜው የተደረገው እንዲህ ነው። የዋልታው አቅጣጫ ሆን ተብሎ ጥቂት ይዛነፋል። 1 አርክደቂቃ (60 አርክሰከንድ) ቢዛነፍ ኮከቡ በደቂቃ ቢበዛ 0.26 አርክሰከንድ ወደ አንድ ጎን ብቻ ይሄዳል። ጋይዲንጉም በዚያ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲያርም ይታዘዛል። ሞተሩ አቅጣጫ ስለማይቀይር ክፍተቱ አይነካም። ቀጣዩ ሥራ ዎርሙን በሞላ (በስፕሪንግ) ወደ ጎማው የሚገፋ መያዣ ነው፣ ጎማው ሲወጣና ሲገባ ዎርሙ አብሮት እንዲሄድ። ላሜራው ተቆርጧል። ሞላው ምን ያህል ጉልበት ይኑረው የሚለው ገና በመለካት ላይ ነው፤ ከላላ በንፋስ ዎርሙን ይለቀዋል፣ ከጠነከረ ሰበቃውን ይመልሰዋል።